የበር ላይ ሳል

ጋራዤ በር ላይ ስደርስ ሦስት ጊዜ እስል ነበር። ሕመም የለብኝም። ሲጋራ ከአፌ ደርሶ አያውቅም፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሳንባዬ የወጣት ሳንባ ነው ብሎ ሐኪም መስክሮልኛል። የምስለው ለሰው ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ዘለግ አድርጌ፣ ትንሽ ቆም ብዬ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ አከታትዬ። የቆርቆሮውን በር የምገፋው ከዚያ በኋላ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ጉሮሮዬን ሲበላኝ እንኳ ምራቄን ውጬ ዝም እላለሁ።

ልማዱን ያወረሰኝ አባቴ ነው። ዓለም ጤና በሚባል አገር ባደግንበት ግቢ አባታችን የገዛ ቤቱ ሳይስል ገብቶ አያውቅም። «ሰው ቤት ሳትስሉ አትግቡ፤ የራሳችሁም ቤት ቢሆን። ሰው ገመናውን የሚከድንበት ጊዜ ስጡት» ይለን ነበር። ደግ ምክር ነው። የሚጣላው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ የተራቆተው ይለብሳል፣ ያለቀሰው ዓይኑን ይጠርጋል፤ የገባውም ምንም ሳያይ ደህና ዋላችሁ ብሎ ይቀመጣል። አባቴ በሬና ማረሻ የነበረው ሰው ነው። ቤንዚን ያለበት ቤት ኖሮት ቢሆን ምክሩ ላይ አንድ ነገር ይጨምርበት ይሆናል።

መርዳሳ እባላለሁ። አዳማ፣ ከፍራንኮ ሰፈር ወረድ ብሎ በሚገኝ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ባጃጅ እጠግናለሁ። የምጽፈው ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ እህቴ ልጅ ስለ ጫምሳ ነው። ራሴን ትቼ ስለ እሱ ብቻ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም።

ጫምሳ የተወለደው ዓለም ጤና ነው። አባቱ ነጋሳ ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው በመኪና አደጋ ሞተ። እናቱ ዘርፉ፣ የእኔ ታናሽ እህት፣ ሽንኩርት ነቅላ፣ ሽንኩርት ለቅማ፣ ሽንኩርት ቸርችራ አሳደገችው። ሽንኩርት በሚነሣበት ሰሞን አይሱዙዎቹ በመስኖው ማሳ ዳር ተደርድረው ሲጭኑ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ነው የሚውለው። ትምህርት ቤቱ ግማሽ ባዶ ይሆናል፤ አስተማሪዎቹም ለምደውታል።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ! ሂድና አንድ ፍሬ ሲጃራ ገዝተህ፣ እዚያው ለኩሰህ አምጣልኝ። እንዳይጠፋብህ ሳብ ሳብ እያደረግክ።»

ይህን ያለው አንድ ሹፌር ነው። ስሙን ማንም አያስታውሰውም። ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ፤ ክብሪት አልቆበት፣ ጭነቱን ትቶ መሄድ አቅቶት ነው ይላሉ። ለታላቅ መላላክ ደግሞ በእኛ አገር የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ከሱቁ እስከ ማሳው መንገዱ ሩቅ ነው፣ ነፋስም አለ። ጫምሳ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ቦዩ ዳር ተቀምጦ አስታወከ። በሳምንቱ ሹፌሮቹ ሁሉ «ሳያጠፋ የሚያመጣው ልጅ» እያሉ እሱን ብቻ መላክ ጀመሩ። በወሩ ማንም ሳይልከው ሄደ።

ይህን የነገረኝ ጫምሳ ራሱ ነው፤ መቼ እንደ ነገረኝ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። በኋላ ግን ያ ሹፌር ያደረገው አንድ ጊዜ መላክ ብቻ መሆኑን አስብና ንዴቴ ወደ ራሴ ይዞርብኛል።

ዘርፉ ይዛው የመጣችው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ነበር። ቁመቱ ከእኔ በልጧል፤ ትከሻው ግን ገና የልጅ ነው። ልጁን ውሃ አምጣ ብላ ወደ ውጭ ላከችውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ወንድሜ፣ እጁ የተባረከ ነው። የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ይገጥማል። አንድ ነገር ብቻ አለበት።»

«ምን?»

«አንተው ታየዋለህ። እኔን አይሰማኝም። ካንተ አፍ ከሰማ ግን ይፈራል፣ ይተዋል። ንገረው ብቻ። ያለሱ ማን አለኝ?»

ነገሩን በስሙ አልጠራችውም። እኔም ስሙን አልጠየቅኳትም። የጣቶቹ ጫፍ ቢጫ መሆኑን ገና ሲጨብጠኝ አይቼ ነበር። «ታዲያ ቤንዚን ቤት ታመጪዋለሽ?» ልላት አስቤ «እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኳት። እነግረዋለሁ ካልኩ በኋላ ሁለት ዓመት ተቆጠረ።

ባጃጅ የሚጠግን ሰው እጁ ከቤንዚን አይወጣም። ካርቡራተሩ ይፈታል፤ ለሁለት በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ተነክሮ በብሩሽ ይፈተጋል፤ ተነፍቶ ይደርቃል። ግቢው፣ ጨርቁ፣ ምሳ የምንበላበት አግዳሚ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ጫምሳ በዚህ ሥራ ዓሣ ውሃ ውስጥ እንደ ገባ ሆነ። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍንና «ኤሱማ፣ ቫልቩ ነው» ይላል። ቫልቩ ይሆናል። ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው፤ እሱ ሲጠራኝ ግን ከዚያም በላይ ይመስለኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ደንበኞቼ «ጫምሳ ይንካልኝ» ማለት ጀመሩ። ልጅ የለኝም። ያንን ቃል ስሰማ ደስ ብሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር።

ማጨሱንም ቢሆን በጥንቃቄ ነው የሚያጨሰው። እጁን በአሸዋና በኦሞ አሽቶ ይታጠባል፤ የሥራ ካፖርቱን አውልቆ ይሰቅላል፤ ከዚያ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ይሄዳል። ላይተር አይዝም። ላይተር ኪስ ውስጥ ከተገኘ ትርጉም አለው፤ ክብሪት ግን የማንም ነው። እዚያ አሸዋ የሞላ ቆርቆሮ አስቀምጧል፤ ጨርሶ እዚያ ያጠፋል። ይህ ሁሉ ታዲያ እኔ ሳልኖር ነው። እኔ ከመጣሁ፣ ሳሌን ሲሰማ፣ በሽንት ቤቱና በአጥሩ መሃል ባለችው አንድ ክንድ ክፍተት ሲጋራውን ወርወር ያደርገውና ማስቲካ አፉ ውስጥ ከትቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ ይላል።

«ኤሱማ፣ ደህና ዋሉ?»

«ደህና፣ አንተስ? ሥራ ላይ ነበርክ?»

«አዎ፣ ሥራ ላይ።»

እንዲህ ተባብለን ወደየሥራችን። እኔ የማላውቅ እመስላለሁ፣ እሱ የተደበቀ ይመስላል። አንድ ቀን እሱ በሌለበት ያቺን ክፍተት ጎንበስ ብዬ አየኋት። ዝናብ ያበሰበሰው ቁራጭ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምሮ ነበር፤ በእግሬ አፈር መለስ አደረግኩበትና ተነሣሁ። የእሱን ገመና እኔ ከደንኩለት።

ለምን አትነግረውም ትሉኛላችሁ። ምክንያት አለኝ፤ የሰፈሬ ሽማግሌ ሁሉ የሚያውቀው ምክንያት ነው። ልጅ አንዴ ዓይን ለዓይን ከተያዘ ኀፍረቱ ያልቃል። እስካፈረ ድረስ ተደብቆ ትንሽ ያጨሳል፤ የተገለጠበት ቀን ዓይኑን በጨው ታጥቦ ፊቴ ይለኩሳል። ስለዚህ ኀፍረቱን የምጠብቅለት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? ያንን ያለው ሰው ጋራዥ አልነበረውም።

ነገሩ ግን ትንሽ አልነበረም፤ እያደገ ነበር። ባለቤቴ ዱሬቲ ሸሚዙን ስታጥብ ታሸተውና ሳሙና ትደግምበታለች፤ ለእኔ ግን ትንፍሽ አትልም። በዓል ቀን ከእኛ ጋር ማዕድ ቀርቦ ጫምሳ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አይችልም። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ይላል፣ «ስልክ ልደውል» ብሎ ይወጣል፣ ሲመለስ የታመመ ሰው መድኃኒት እንደ ወሰደ ፊቱ ረግቶ ይመለሳል። ጠዋት ዓይኑ ሳይገለጥ ነው እጁ ክብሪት የሚፈልገው። ለመደሰት እንዳልሆነ እኔ ሲጋራ ቀምሼ የማላውቀው እንኳ ገብቶኛል፤ እንደ ሰው ለመቆም ነው የሚያጨሰው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ባጃጅ ገፍቶ ቅያሷን ሲወጣ ሁለት ቦታ ቆሞ ይተነፍስ ጀመር። ይስላልም። እኔ በር ላይ የውሸቴን ስስል፣ እሱ ከውስጥ የእውነቱን ይመልስልኛል።

ከጋራዡ ፊት ለፊት የየሺዓለም ሱቅ አለች። በመስኮቷ ላይ ላይተር በሲባጎ ተንጠልጥሏል፤ በፍሬ የገዛ እዚያው ለኩሶ ይሄዳል። አንድ ቀን ንዴቴ መጣና ሄድኩባት።

«የሺዓለም፣ ሕጉ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ አትሽጡ ይላል። ያ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?»

«እኔ ልጠይቀው? አጎቱ አንተ አይደለህ?» አለችና ስኳር መመዘኗን ቀጠለች። «እኔ እምቢ ብለው ማዶ ሄዶ ይገዛል። መርዳሳ፣ እኔን ከምትቆጣ እሱን ተቆጣው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነግረኸዋል ለመሆኑ?»

«እሱን ለእኔ ተይልኝ።»

«አልነገርከውም ማለት ነው» አለች። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሄድኩ። ሴትየዋን ለወር ያህል ሰላም አላልኳትም፤ እውነት የተናገረኝን ሰው የማኮርፍ ነገር አለብኝ።

በነሐሴ የፍልሰታ ጾም ገባና ጫምሳ ሊተው ቆረጠ። አልነገረኝም፤ ግን አየሁ። ከሽንት ቤቱ ጀርባ መመላለሱ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ቀኑን ሙሉ ቆሎ ይቆረጥማል፣ የክብሪት እንጨት ያኝካል። አሥራ አንድ ቀን ቆየ። አሥራ አንድ ቀን ለእኔ አጭር ነው፤ እሱ ግን እነዚያን ቀናት በእጁ እየዳኸ ነው ያለፋቸው። ብሎን ያጠብቃል፣ ይረሳና እንደገና ያጠብቃል። ደንበኛ ሲያናግረው ይጮኻል፣ ጮኾ ይደነግጣል። ሌሊት አይተኛም አለችኝ ዱሬቲ። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቁልፉን ወርውሮ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ቆይቶ ተነሣና ወደ እኔ መጣ። 

«ኤሱማ፣ ጊዜ ካለዎት አንድ ነገር ልንገርዎት?»

ምን ሊነግረኝ እንደ ነበር ያወቅኩትን ያህል ስሜን አላውቅም።  አፌን ከፍቼ «ተናገር ልጄ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው፤ በኋላ» አልኩት።

ደንበኛ የሚባል በግቢው አልነበረም። ጫምሳ ዙሪያውን ቃኘና «እሺ» አለ። ወጣሁ። ቅያሷ ጫፍ ድረስ ሄጄ አንድ ግንብ ተደግፌ ቆምኩ፤ ምን እንደምሠራ ሳላውቅ ተመለስኩ። በሩ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ ሳልኩ። ስገባ አዲስ የሲጋራ ሽታ ነበር። የሚገርመው ሽታው ከሽንት ቤቱ በኩል አልመጣም፤ እዚሁ ከበሩ አጠገብ ነበር። ያን ጊዜ አላሰብኩበትም። አሥራ አንዱ ቀን እንዲያ አለቀ።

ጥር ላይ ቤንዚን ጠፋ። አዳማን የሚያውቅ የጥርን ነፋስ ያውቃል፤ አቧራውን ከመሬት አንሥቶ በር በር ላይ ያንኳኳል። በዚያ ነፋስ ውስጥ ባጃጆቹ ማደያው ጋ ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋሉ፤ ከሰዓት «አልቋል» ይባላሉ። ሥራዬ እንዳይቆም ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ሦስት ጀሪካን ሞላሁ። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ ስለ ነበር አፉን በፌስታል ጠቅጥቄ አሰርኩት። ጥያቄው የት ላስቀምጠው ነው። በቀኝ በኩል አጠገባችን ብየዳ ቤት አለ፣ ቀኑን ሙሉ ፍንጣሪ ይረጫል። በግቢው ግራ በኩል ግን ባዶ ቦታ ነበር። እኔ ግን ጀሪካኖቹን ተሸክሜ ሄጄ ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ያቺ ቁራጭ የሚጣልባት ክፍተት ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

አውቄ ነው ያስቀመጥኳቸው። እዚህ ላይ ዋሽቼ ማምለጥ እችል ነበር፤ አላደርገውም። ቤንዚኑን እዚያ ሲያይ ይደነግጣል፣ ኤሱማ አውቋል ማለት ነው ይላል፣ ይፈራል፣ ይተዋል አልኩ። አፌ መናገር ያቃተውን ጀሪካን እንዲናገርልኝ ነበር። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ጫምሳ ጀሪካኖቹን አየ። ቀጥሎ እኔን አየ።

«ኤሱማ፣ እነዚህ… እዚህ ይሁኑ?»

«አዎ። ምን አለው?»

ዓይኑን ከዓይኔ አላነሣም። እሱ እስኪናገር ጠበቅኩ፣ እሱም እኔ እስክናገር ጠበቀ። የብየዳ ቤቱ ማሽን ይጮኻል።

«ምንም የለው» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጨሻውን ሁለት ሦስት እርምጃ ያህል አራቀ፤ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ጠጋ አለ። የአሸዋ ቆርቆሮውንም ይዞ ሄደ። አየሁና ገባው አልኩ። በልቤ ራሴን አመሰገንኩ።

ዘርፉ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ በየሳምንቱም የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ነገርከው?» በፍልሰታ ሰሞን፣ ያቺን አሥራ አንድ ቀን ተማምኜ «ነግሬዋለሁ፣ እየተወ ነው» አልኳት። ከዚያ ቃሌን ማጠፍ አልቻልኩም። «እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «ደህና ነው፣ ትቷል» እላለሁ። እሷ ስልኩ ውስጥ እልል ትላለች። አንድ ቀን ጥር ውስጥ፣ ረፋድ ላይ፣ ሳልጠብቃት ደወለች።

«ቆቃን አልፈናል። ልጄን ላየው እየመጣሁ ነው። ለሱ አትንገረው፣ ድንገት ልድረስበት።»

መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። ግማሽ ማዳበሪያ ሽንኩርት ይዛለች። ነፋሱ ነጠላዋን ከትከሻዋ እየገፈፈ መንገዱን ሙሉ መረቀችኝ። «እግዜር ይስጥህ። አባት ሆንከው። ካንተ አፍ ከሰማ ይፈራል አላልኩህም?» ሽንኩርቱን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዘዋወርኩ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነው። እኔ ማደያ ሰልፍ ላይ እውላለሁ ብዬው ነበር፤ እስከ ዘጠኝ አይጠብቀኝም። ምሳውን በልቶ የሚያጨስበት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ። ዘርፉ አሁን ገብታ ሲጋራ አፉ ላይ ካየችው፣ የእሱ ውሸት ሳይሆን የእኔ ውሸት ነው የሚጋለጠው።

ቅያሷ ውስጥ ስንገባ እርምጃዋን አፈጠነች። ልጇን ለማየት ቸኩላ ቀደመችኝ። እጇን ወደ ቆርቆሮው በር ስትዘረጋ ሽንኩርቱን ጥዬ ሮጥኩና ሳልኩ። ሦስት ጊዜ አይደለም። ትን እንዳለው ሰው፣ ሰፈሩ እስኪሰማ፣ ደጋግሜ ሳልኩ።

«ውይ! ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?» አለች ዘርፉ ወደ እኔ ዞራ።

ከውስጥ ቡፍ የሚል ድምፅ ተሰማ። ትልቅ አልነበረም። ቀጥሎ ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ እሳት አየን።

እንዴት እንደ ሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ጫምሳ በአዲሱ ቦታው ቆሞ ክብሪቱን ገና መጫሩ ነበር። ነፋሱ እንዳያጠፋበት በሁለት መዳፉ ከልሎ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሳሌን ሰማ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሌን በሰማ ቁጥር እጁ ወደዚያች ክፍተት ሲወረውር ኖሯል፤ እጁ ለእሱ ሳይነግረው ክብሪቱን ወረወረ። ነፋሱም ረዳው። ክብሪቱ እየነደደ በፌስታል የታሰረው ጀሪካን ላይ አረፈ።

መሸሽ ይችል ነበር፤ በሩ ለእሱ ቅርብ ነው። ከአጥሩ ማዶ ግን የጎረቤት ቤት አለ፣ ልጆች አሉበት። ሁለቱን ያልነደዱ ጀሪካኖች ከእሳቱ ውስጥ በእጁ ጎትቶ አወጣ። እኛ ስንደርስ ሁለተኛውን ግቢው መሃል አድርሶ እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ዘርፉ ጮኸች። ከብየዳ ቤቱ ሰዎች አሸዋ ይዘው ገቡ፣ የሺዓለም ባልዲ ይዛ ሮጠች፣ እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሽንኩርቱ ቅያሷን ሞልቶ ይንከባለል ነበር።

ሆስፒታል ከገባ ዘጠነኛው ቀን ላይ ነው የሄድኩት፤ ማለቴ፣ በየቀኑ ሄጃለሁ፣ ግን ብቻዬን የገባሁት ዘጠነኛው ቀን ነው። ሌሎቹን ቀናት ከእናቱና ከጠያቂ ጋር ገብቼ «እግዜር ይማርህ» ብዬ እወጣ ነበር። እሳቱ እንዴት እንደ ተነሣ ለዘርፉ ማንም አልነገራትም። ሐኪሙ ስለ ግራ እጁ ተስፋ አለው። ስለ ቀኝ እጁ ጣቶች ስጠይቀው «እንጠብቅ» ይላል። ካቻቪቴ የሚይዘው በቀኙ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ዘርፉ ሾርባ ልታመጣ ስትወጣ ጠበቅኩና የክፍሉ በር ጋ ደረስኩ። ሳሉ መጣ፤ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። ሳልስል ገባሁ፣ ሳልስል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጫምሳ፣ እንደምታጨስ አውቃለሁ» አልኩት።

ይህቺን ለማለት ነው ሁለት ዓመት የፈጀሁት።

«እንደሚያውቁ አውቃለሁ ኤሱማ» አለ። ድምፁ ደክሟል። «ባያውቁማ ለምን ይስላሉ?»

 እሱ ጣሪያውን እያየ ስለዚያ ሹፌር፣ ስለ ሽንኩርቱ ማሳ፣ ቦዩ ዳር ስላስታወከበት ቀን ነገረኝ። ከዚያ ቀጠለ።

«በፍልሰታ፣ ደንበኛ አለ ብለው የወጡ ቀን፣ ያስታውሱታል? አውቄ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ለኮስኩ። ሲገቡ ፊት ለፊት እንዲያገኙኝ። ይመቱኛል፣ ይጮኹብኛል፣ ከዚያ ግን እናወራለን ብዬ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን እንደ ልማድዎ ሳሉ። ጣልኩት።»

አለቀስኩ። ጋራዡ በነደደ ቀን ያላለቀስኩት ሰውዬ ፊቴን በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ። ጫምሳ አላባበለኝም። ከንፈሩን ይልሳል፤ ጉልበቱ በብርድ ልብሱ ስር ይንቀጠቀጥ ነበር። ያንን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ።

«አሁንስ?» አልኩት። «አሁንም ያምርሃል?»

«ለእጄ መርፌ ይሰጡኛል» አለ። «ለዚያኛው ምንም አይሰጡኝም። ሌሊት ሌሊት ከእጄ የሚብሰው እሱ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። እንደዚያ ዓይኔን ቀጥ ብሎ አይቶኝ አያውቅም። «ኤሱማ፣ አንድ ፍሬ ብቻ። እኔ መያዝ አልችልም፤ እርስዎ ይያዙልኝ።»

አልገዛልህም፣ ግን ብቻህንም አልተውህም ልለው ነበር። አሁኑኑ ለሐኪሙ አብረን እንንገረው፣ ለዚህም የሚረዳ ነገር ካለ እንጠይቀው፣ እናትህም ትስማ፣ ከእንግዲህ በእኛ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም ልለው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ከበሩ ውጭ ሳል ተሰማ። አንድ ጊዜ ዘለግ ያለ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት ተከታታይ። ዘርፉ ናት፤ ሾርባዋን ይዛ ቆማለች። እሷም የአባታችን ልጅ ናት።

ጫምሳ በፋሻ የተጠቀለለውን ባዶ እጁን ቶሎ ብሎ ብርድ ልብሱ ስር ከተተ። እኔም አፌን ዘጋሁ።